ጉልበታችሁ ከጎተራችሁ ይጀምራል

ነገሩ የተጀመረው ከዶሮ ነው። በአሜሪካዋ ዊስኮንሲን ግዛት የሚሠሩ ተመራማሪዎች ገብስ የሚበሉ ዶሮዎች ኮሌስትሮላቸው ዝቅ ማለቱን አስተዋሉና ምክንያቱን ፍለጋ ገቡ። አሳፍ ቁረሺ፣ ቻርልስ ኤልሰንና ባልደረቦቻቸው የገብሱን ቅባት እየለዩና እያጣሩ ሄደው፣ እ.ኤ.አ. በ1986 ያገኙትን ይፋ አደረጉ። ጉበት ኮሌስትሮል እንዳያበዛ የሚገታው ከቫይታሚን ኢ ቤተሰብ የሆነው ቶኮትራይኖል ነበር። እስከዚያ ጊዜ ድረስ ብዙ ሰው ቁም ነገር ብሎ አላየውም።

ዛሬ ያው ቶኮትራይኖል በሚያምር ጠርሙስ ታሽጎ በዓለም ገበያ ይዞራል። ልብን ይጠብቃል፣ አእምሮን ያጸናል፣ ፀጉር ያበቅላል እየተባለ ይሸጣል። እናንተ ቆሰበር ላይ ሆናችሁ ይህን የምታነቡ፣ እስቲ ቀና በሉ! ያ ሁሉ ዝና የተነሣው ባንጃ ደጋ ላይ በየዓመቱ ከምትዘሩት፣ ከምታጭዱት፣ ከምትወቁት ሰብል ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍ ባለው በዚህ ብርዳም አገር ገብስ ከድንች ጋር የኑሮ ምሰሶ ነው። ብዙዎቻችን ግን የተሻለ ነገር ሁሉ ከውጭ የሚመጣ ይመስለናል። ዘመድ ከውጭ ሲመጣ «ምን ላምጣላችሁ?» ካለ መልሳችን «ቫይታሚን» ነው። ወጣት እህቶቻችን የቫይታሚን ኢ ካፕሱል በመርፌ ወግተው ፊታቸውንና ፀጉራቸውን ይቀባሉ። አንዳንዱ ደግሞ ልቡ እንዲጠነክርለት በየቀኑ ይውጠዋል። ለጤና መጨነቁ የሚያስመሰግን ነው፤ እኔም የምጽፈው ያንን ጭንቀት ወደ ትክክለኛው ቦታ ለመምራት ነው። ካፕሱሉ በእርግጥ ምን ያደርጋል? ምን ያህሉ ጎጂ ነው? በእጃችን ያለውስ ምን ይሰጠናል? ይህን የሚያውቅ ሰው ገንዘቡንም ጤናውንም አያጣም።

ከመነሻው እንጀምር። ቫይታሚን ኢ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1922 ነው። በካሊፎርኒያ በርክሌይ ኸርበርት ኢቫንስና ካትሪን ቢሾፕ አይጦችን በተመጠነ ምግብ ሲያሳድጉ፣ አይጦቹ ጤነኛ ይመስላሉ፤ ያረግዛሉ፤ ጽንሱ ግን አይጸናም። ሰላጣ ወይም የስንዴ ፍሬ ጽንስ ሲጨመርላቸው በሰላም ወለዱ። እ.ኤ.አ. በ1936 ንጥረ ነገሩ ከስንዴ ጽንስ ዘይት ተለይቶ ወጣ። ቆይቶ ሲታይ ቫይታሚን ኢ የአንድ ነገር ስም አልሆነም። ስምንት ዓይነት አለው፤ አራቱ ቶኮፌሮል፣ አራቱ ቶኮትራይኖል ይባላሉ። በየፋርማሲው «ቫይታሚን ኢ» ተብሎ የሚሸጠው አብዛኛውን ጊዜ ከስምንቱ አንዱ፣ አልፋ ቶኮፌሮል የተባለው ብቻ ነው። ገብስ ግን ስምንቱንም ይዟል፤ ከዚያም ውስጥ የሚበዛው ቶኮትራይኖሉ ነው።

ሥራውስ ምንድን ነው? ብዙ የቆየ የኑግ ዘይት ጠረኑ ሲለወጥ፣ ሲመር ታውቃላችሁ። ቅባቱ ከአየር ጋር ተገናኝቶ ስለተበላሸ ነው። የሰውነታችን ሴሎች ሽፋንም ከቅባት የተሠራ ነው፤ በዚያው መንገድ ሊበላሽ ይችላል። ቫይታሚን ኢ ሽፋኑ ውስጥ ገብቶ ይህን ብልሽት ያቆማል። ቶኮትራይኖል ከዚህ በተጨማሪ የራሱ ጠባይ አለው። ጉበት ውስጥ ኮሌስትሮል የሚያመርተው ኢንዛይም ቶሎ እንዲፈርስ ያደርጋል። ሐኪሞች ለኮሌስትሮል የሚያዙት ስታቲን የተባለው መድኃኒትም የሚሠራው በዚሁ ኢንዛይም ላይ ነው፤ መንገዳቸው ግን ይለያያል።

አሁን ተስፋ ወደሚሰጠው ልሂድ። ከቶኮትራይኖል ጥናቶች ሁሉ ልቤን የነካው በማሌዥያ የተሠራውና እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመው ነው። በአንጎል ምርመራ ምስላቸው ላይ በነጩ የአንጎል ክፍል ጉዳት የታየባቸው 121 ሰዎች ተሳተፉበት። ይህ ጉዳት ከስትሮክ አደጋ ጋር የተያያዘ ነው። ከፊሎቹ በቀን ሁለት ጊዜ 200 ሚሊግራም የቶኮትራይኖል ድብልቅ፣ ከፊሎቹ ምንም የሌለበት ካፕሱል ለሁለት ዓመት ወሰዱ። ባዶውን በወሰዱት ላይ ጉዳቱ እየሰፋ ሲሄድ በቶኮትራይኖል ተጠቃሚዎች ላይ ባለበት ቆመ። ስትሮክ ያየ ቤተሰብ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል! በዚያው አገር ጉበታቸው ስብ በያዘ ሰዎች ላይ ለአንድ ዓመት የተደረገ ሌላ ሙከራም በአልትራሳውንድ ሲታይ መሻሻሉ በቶኮትራይኖል ተጠቃሚዎች ዘንድ በልጧል። ፀጉራቸው በሚረግፍ ጥቂት ሰዎች ላይ የተደረገ ትንሽ ጥናትም ለስምንት ወር ሲወስዱት የፀጉራቸው ብዛት መጨመሩን አሳይቷል።

ነገር ግን የተጠራጠረ ሁሉ ጨለምተኛ አይደለም፤ እውነትን የሚወድ ሰው ሁለቱንም ወገን ያያል። እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመ ሙከራ ሦስት ዓይነት የቶኮትራይኖል ካፕሱሎች ኮሌስትሮላቸው ከፍ ላለ ሰዎች ተሰጥተው ምንም ለውጥ አላመጡም። በማሌዥያ 240 የጡት ካንሰር ታማሚ ሴቶች ታሞክሲፈን ከተባለው መድኃኒት ጋር ለአምስት ዓመት ቶኮትራይኖል ጨምረው የወሰዱበት ጥናትም በሕይወት መቆየት ላይ አሳማኝ ልዩነት አላሳየም። ስለዚህ «ካንሰር ያድናል» ብሎ የሚሸጥላችሁ ሰው ያልተረጋገጠውን እንደተረጋገጠ እየነገራችሁ ነው። ገና በምርመራ ላይ ያለን ተስፋ እንደ ተስፋ መያዝ ጥበብ ነው። በእሱ ተማምኖ የታዘዘ መድኃኒት ማቆም ግን ሕይወትን ያስከፍላል።

ደህንነቱስ? እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ አንብቡኝ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው «ቫይታሚን ከሆነ አይጎዳም» ብሎ ነው። እስከ አሁን በተደረጉት ሙከራዎች ቶኮትራይኖል በቀን እስከ 400 ሚሊግራም ለሁለት ዓመት ሲወሰድ ከባድ ጉዳት አልታየበትም። ይህ ደስ የሚል ዜና ነው። የተሳታፊዎቹ ቁጥር ግን ጥቂት ነው፤ ነፍሰ ጡሮችና የሚያጠቡ እናቶችም በዚያ ውስጥ የሉበትም። በአንጻሩ አልፋ ቶኮፌሮል በብዙ ሺህ ሰዎች ላይ ተፈትኗል፤ ውጤቱም ትምህርት ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 በሰሜን አሜሪካ የተጀመረው ሴሌክት የተባለ ጥናት 35,533 ወንዶችን አሳተፈ። ለከፊሎቹ በቀን 400 ዩኒት ቫይታሚን ኢ የተሰጠው ካንሰርን ይከላከላል ተብሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ውጤት ግን በወሰዱት ላይ የፕሮስቴት ካንሰር 17 በመቶ ጨምሮ መገኘቱን አሳየ። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ሌላ ረጅም ክትትልም በየቀኑ 400 ዩኒት ይወስዱ በነበሩ የልብ ሕሙማንና የስኳር ሕሙማን ላይ የልብ ድካም በዝቶ አግኝቷል።

400 ዩኒት ምን ያህል ነው? ለአዋቂ ሰው በቀን የሚያስፈልገው ቫይታሚን ኢ 15 ሚሊግራም ነው፤ ለምታጠባ እናት 19። በፋብሪካ የተሠራው 400 ዩኒት ካፕሱል 180 ሚሊግራም ገደማ ይይዛል። በአንድ ጉርሻ የ12 ቀን ድርሻ መዋጥ ማለት ነው! ከዚያ ላይ ብዙ ቫይታሚን ኢ የቫይታሚን ኬን ሥራ ይጋፋል፤ ቫይታሚን ኬ ደግሞ ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ነው። ስለዚህ ዋርፋሪን ወይም ሌላ ደም ማቅጠኛ የሚወስድ፣ አስፒሪን በየቀኑ የታዘዘለት፣ ወይም ቀዶ ሕክምና የተቀጠረለት ሰው ያለ ሐኪም ፈቃድ እነዚህን ካፕሱሎች ፈጽሞ አይጀምር። እባካችሁ ይህን ለአባቶቻችሁና ለእናቶቻችሁ ንገሯቸው። ከውጭ የተላከላቸውን ጠርሙስ «ልጄ የላከልኝ ነው» ብለው በፍቅር ይውጡታል፤ ከታዘዘላቸው መድኃኒት ጋር ስለመስማማቱ ማንም አልጠየቀላቸውም። ጠርሙሱን ይዛችሁ ወደ እንጅባራ ጠቅላላ ሆስፒታል ወይም በቅርብ ወዳለው ጤና ጣቢያ ብቅ በሉ። «ይህን ከነዚህ መድኃኒቶች ጋር መውሰድ ይችላሉ?» ብላችሁ ጠይቁላቸው። ልጅነት የሚለካው በእንዲህ ዓይነቱ ጥያቄም ነው።

ሐኪም አማክራችሁ ቶኮትራይኖሉን መሞከር ከወሰናችሁ ደግሞ በእውቀት ሞክሩት። ጠርሙሱ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ፤ «ቫይታሚን ኢ» ብቻ የሚል ከሆነ ቶኮትራይኖል የለበትም ብላችሁ ገምቱ። አልፋ ቶኮፌሮል የበዛበት ድብልቅ ከሆነም ጥቅሙ ይቀንሳል፤ ጉበታችን ቅድሚያ የሚሰጠው ለአልፋ ቶኮፌሮል ስለሆነ ቶኮትራይኖሉን ይገፋዋል። በባዶ ሆድ አይወሰድም፤ ቅባት ካለበት ምግብ ጋር ሲሆን ነው ወደ ደም የሚገባው። ከደምም በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ስለሚወጣ ነው በጥናቶቹ ላይ በቀን ሁለት ጊዜ የሚሰጡት። የምትገዙትም ከታወቀ ፋርማሲ ይሁን። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት እንዲህ ያለውን ምርት የመቆጣጠር ሥልጣን የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው፤ ፈቃድ የሌለውን ዕቃ በየቤቱ እያዞረ የሚሸጥ ሰው ጉዳት ሲደርስ አታገኙትም። አንድ ሰው ለስኳር፣ ለግፊት፣ ለመካንነትና ለካንሰር በአንድ ጠርሙስ መፍትሔ አለኝ ካላችሁ ገንዘባችሁን ኪሳችሁ ውስጥ አቆዩት።

አሁን ወደ ጎተራችን እንመለስ፤ እኔን ከሁሉም በላይ የሚያስደስተኝ ክፍል ይህ ነው።

ገብስ የካፕሱሉን ያህል ቶኮትራይኖል አይሰጥም። በአንድ ኪሎ ገብስ ውስጥ ያለው ከ30 እስከ 50 ሚሊግራም ገደማ ነው። በማሌዥያው ጥናት የተወሰደውን 400 ሚሊግራም ከገብስ ለማግኘት በቀን ከ8 ኪሎ ያላነሰ መብላት ያስፈልጋል፤ ይህ ደግሞ የማይሆን ነው። ይህን ሳልደብቅ የምነግራችሁ ገብስ ሌላ ትልቅ ነገር ስላለው ነው። ቤታ ግሉካን የሚባል የሚሟሟ አሰር ይዟል። ገንፎን የሚያያይዘው፣ በሶን የሚያወፍረው እሱ ነው። አንጀት ውስጥ ገብቶ ሐሞትን ይዞ ይወጣል፤ ጉበትም አዲስ ሐሞት ለመሥራት ከደም ውስጥ ኮሌስትሮል ይስባል፤ በዚህ መንገድ ኮሌስትሮል ይወርዳል። ከምግብ በኋላ ስኳር በደም ውስጥ በአንድ ጊዜ እንዳይሻቅብም ያደርጋል። ማስረጃው የጠነከረ ስለሆነ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2006 የገብስ ምርቶች የልብ ሕመም ሥጋትን ሊቀንሱ እንደሚችሉ በማሸጊያቸው ላይ እንዲጻፍ ፈቅዷል። የሚያስፈልገው በቀን 3 ግራም ቤታ ግሉካን ነው። ይህን የሚሰጠው 75 ግራም ያህል ገብስ ነው፤ የአንድ ሰው የጠዋት ቅንጬ!

አያችሁ ልዩነቱን? ካፕሱሉ ውስጥ ያለው ገና እየተመረመረ ያለ ተስፋ ነው። ቅንጬው ውስጥ ያለው የተረጋገጠ ጥቅም ነው፤ ያውም በሙሉ መጠኑ። ዋጋውን እናንተ ታውቁታላችሁ። ዛሬ ጠዋት መጀመር የምትችሉት ለውጥ አላችሁ፤ የማንንም ፈቃድ፣ የማንንም ዶላር አይጠብቅም።

የእናቶቻችንን አሠራር ደግሞ እዩልኝ። ገንፎ መሐሉ ተጎድጉዶ ቅቤ ይፈስበታል። በጾም ቅንጬ በዘይት ይታሻል። ቫይታሚን ኢ ያለ ቅባት አይሰርጽም ብዬ ከላይ ተናግሬ ነበር፤ ላቦራቶሪ ያልገቡ እጆች ያዋሐዱት ምግብ ይህንኑ ይሠራል። ለአራስ የገብስ ገንፎ የሚሠሩ አያቶቻችን ከሁሉም ሰው ይልቅ ቫይታሚን ኢ የሚያስፈልጋትን ሴት ነው የሚያበሉት። ዳንግላ አካባቢ የሚበቅለው ኑግም ዘይቱ አልፋ ቶኮፌሮል አለው። የሱፍ አበባ ዘይት ደግሞ በአንድ የሾርባ ማንኪያ ከ5 ሚሊግራም በላይ ይሰጣል፤ የቀኑን ድርሻ ሲሶ ማለት ነው። የፓልም ዘይት የቶኮትራይኖል ምንጭ ነው ብላችሁ የሚረጋውን ዘይት ግን አታብዙ፤ ልብን የሚያስቸግረው የረጋ ቅባት በውስጡ ብዙ ነው፤ ሲጣራም ከቫይታሚኑ ከፊሉ ይቀንሳል።

ጥቅሙ እንዳይባክን ጥቂት ጥንቃቄ ይበቃል። ገብሱን ከሸከሸካችሁ በኋላ ከፍሬው ጋር የቀረውን ስስ ሽፋን አትግፈፉት፤ ከቶኮትራይኖሉ ብዙው እዚያና በውስጠኛው የዱቄት ክፍል ነው። ሲፈጭ ቅባቱ ለአየር ይጋለጣል፤ ስለዚህ የሦስት ወር ዱቄት በአንዴ ከማስፈጨት ጥቂት በጥቂት ማስፈጨት ይሻላል። ዱቄቱንም ክዳን ባለው ዕቃ፣ ከፀሐይ ርቆ አስቀምጡት። በሶ ስትቆሉ ፍሬው እንዳያርባችሁ፤ ብዙ እሳት ቫይታሚኑን ያጠፋዋል። ጠላም ከገብስ ይጠመቃል፤ በዚህ ሒሳብ ግን አይገባም፤ ለልብ የሚበጀው የሚበላው ገብስ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ በራሳችን እንድንተማመን ነው። ታዋቂው ሩሲያዊ የሰብል ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ዘር ሲሰበስብ የገብሳችን ዓይነት ብዛት አስደንቆት ነበር። በዓለም የታወቀው ላይሲን የበዛበት ሂፕሮሊ የተባለ ገብስ መነሻው የኢትዮጵያ ዘር ነው። የገብስን ቢጫ አቀጭጭ ቫይረስ የሚቋቋመው ዘረ መልም ከእኛው ገብስ ተወስዶ በሌላው ዓለም ማሳ ላይ እየሠራ ነው። የሩቁ ሰው ያከበረውን እኛ «የድሃ ምግብ» ብለን ማጣጣል የለብንም። ዶክተር መላኩ ወረደ የአገራችንን የዘር ሀብት በማዳን እ.ኤ.አ. በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ያገኙት ለዚሁ ነገር በመቆማቸው ነው፤ የገበሬው ዘር በገበሬው እጅ እንዲቆይ። እናንተም በየማሳችሁ ያንን ሥራ ቀጥላችኋል።

ምግብ ብቻውን ግን አይበቃም። ጥር 23 የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች እንጅባራ ላይ ሲሰበሰቡ ፀጉራቸው የሸበተ አባቶች ቀጥ ብለው ኮርቻ ላይ ታያላችሁ። ያ አቋም ከጠርሙስ አልመጣም፤ ዕድሜ ልክ ከተደረገ እንቅስቃሴ ነው። ከተማ ውስጥ ቢሮ የምንውል ሰዎች ፈረስ ባይኖረንም እግር አለን። ማለዳ ግማሽ ሰዓት በፍጥነት መራመድ፣ ጨው መቀነስ፣ ሲጋራ መተው፣ ግፊትን መለካት፤ እነዚህ ማንኛውም የቫይታሚን ካፕሱል የማይተካቸው ናቸው።

ስለዚህ ዛሬውኑ ጀምሩ። ካፕሱል እየወሰዳችሁ ከሆነ ጠርሙሱን አንሥታችሁ መጠኑን አንብቡ፤ 400 ዩኒት የሚል ከሆነ ጤና ባለሙያ ሳታማክሩ አትቀጥሉ። ካፕሱል ለመግዛት ያሰባችሁበት ገንዘብ ካለም በመጀመሪያ ገብስ ሸምቱበት። ነገ ጠዋት ለልጆቻችሁ ቅንጬ አብስሉ፤ በዚህ ሳምንት ደግሞ ከአርባ ዓመት በላይ የሆናችሁ ሁሉ ወደ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ የደም ግፊታችሁን ተለኩ፤ እናታችሁንና አባታችሁንም ይዛችኋቸው ሂዱ።